በገጠር ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ከአካባቢ መንግሥት በጀት እንዴት ይጠየቃል?

የአካባቢ ምክር ቤቶች ለዚህ ሥራ ገንዘብ ሲመድቡ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ቀን ዐውደ ጥናትና ለበራሪ ወረቀት ነው። በቀላሉ ይወራረዳል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን የሚቀር ነገር የለም። ስለዚህ የምትጠይቁት በየዓመቱ የሚቀጥል የሥራ ማስኬጃ በጀት ይሁን፤ መጠኑ ቢያንስም ከአንድ ጊዜ ድጎማ ይበልጣል።

መጀመሪያ የ5 ዓመት ቁጥር ከጤና ተቋማት፣ ከፖሊስና ከሞት ምዝገባ ሰብስቡ። ሦስቱ አይገጥሙም። ሐፍረትም ሆነ ሕግን መፍራት ቤተሰብን ዝም ስለሚያሰኝ አንዱ ጋ «አደጋ» ተብሎ የተመዘገበው ሌላው ጋ ራስን ማጥፋት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ሳትሸፍኑ ጻፉት። የበጀቱ ስሌት የሚቆመው ግን ሞክረው ተርፈው ወደ ሕክምና በመጡት ሰዎች ቁጥር ላይ ነው። ከ5 በታች የሆነን ቁጥር በመንደር ከፋፍላችሁ አታውጡ፤ ማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ገንዘቡ ከሁሉ አስቀድሞ ሞክረው የተረፉትን ለመከታተል ይዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና ያካሄደውና በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት 1,867 ሞክረው የተረፉ ሰዎችን ይዟል። የአንድ ሰዓት ያህል ምክርና በ18 ወራት 9 ክትትል ካገኙት ውስጥ በኋላ ራሳቸውን ያጠፉት 0.2 በመቶ ሲሆኑ፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት 2.2 በመቶ ነበሩ። ክትትሉ በ1ኛ፣ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 7ኛና 11ኛ ሳምንት፣ ከዚያም በ4ኛ፣ 6ኛ፣ 12ኛና 18ኛ ወር ይደረጋል።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በዓመት 40 ሰዎች የሚመጡ ከሆነ ሥራው ሲደላደል በዓመት እስከ 360 ክትትል ይኖራል። ሲሶው በስልክ የማይገኝ ከሆነ 120 የቤት ጉብኝት፣ በቀን 2 ቢሆን 60 የሥራ ቀን ይጠይቃል። የአየር ሰዓት፣ ትራንስፖርት፣ ባለሙያው ሲታመም የሚተካው ሰው፣ በወር አንድ ጊዜ ባለሙያውን የሚያማክር አንጋፋ፤ እነዚህ ከዝርዝሩ ይረሳሉ፣ ሲጎድሉ ሥራውን የሚያስቆሙትም እነሱ ናቸው።

ምክር ቤቶች የሚወዱት ሌላው ነገር ለየቤቱ የሚታደል ቁልፍ ያለው የፀረ ተባይ ሣጥን ነው። በስሪላንካ ገጠር በ180 መንደሮች ተሞክሮ በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ጥቅሙ አልታየም። እዚያው አገር ሞትን በብዙ እንዲቀንስ ያደረገው እጅግ መርዛማ የሆኑት ፀረ ተባዮች ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከገበያ መውጣታቸው ነው። እገዳ የማዕከላዊ መንግሥት ሥልጣን ቢሆንም የታገደው ሱቅ ውስጥ እንዳይሸጥ መቆጣጠር ለአካባቢው ይቀራል፤ ለዚህ የግብርና ተቆጣጣሪው የሥራ ዝርዝር ላይ አንድ ተግባር መጨመር ይበቃል።

ጥያቄውን በሁለት ገጽ፣ በጀቱ ከመጽደቁ ቢያንስ 3 ወር ቀድማችሁ አስገቡ። ሙሉውንና የተቀነሰውን በጀት አብራችሁ አቅርቡ። ገንዘቡ በግማሽ ቢቆረጥ የጤና ጣቢያዎቹን ቁጥር ቀንሱ እንጂ 9ኙን ክትትል ወደ 4 አታውርዱ። ስብሰባው ላይ የሟች ስም፣ ቦታና ራሱን ያጠፋበት መንገድ አይነሣ። ከአድማጮቹ መካከል ሐዘን ላይ ያለ ወይም ራሱ የተጨነቀ ሰው ሊኖር ስለሚችል የሠለጠነ አማካሪ አዳራሹ ውስጥ ይገኝ።

«ሞት በዚህን ያህል ይቀንሳል» ብላችሁ ቃል አትግቡ። 20,000 ነዋሪ ባለበት አካባቢ አንድ ዓመት 2፣ በሚቀጥለው 5 ሰው ቢሞት በአጋጣሚም ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ የሚሠራ ፕሮግራምም በዚህ ሰበብ ይዘጋል። ሪፖርታችሁ ከሕክምና ከወጡት ስንቱ በመጀመሪያው ሳምንት እንደተጠየቁ፣ ስንቱም 9ኙን እንደጨረሱ ያሳይ።

ገንዘቡ ዘግይቶ ሊለቀቅ ይችላል፤ ያኔ ክትትሉ በመሐል ይቋረጣል፣ ሰውየውም ተረሳሁ ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት የስልክና የትራንስፖርት ወጪ ጤና ተቋሙ አስቀድሞ ሸፍኖ በኋላ እንዲተካለት ከበጀቱ ጋር በጽሑፍ አስጸድቁ።