ፊደል የሚቆጥሩ ጎልማሶችን በስልክ ከማስተማር በፊት፦ ዝግጁነታቸውን እንዴት እንለይ?

የጎልማሶች ትምህርት አመቻች ከሆኑና የማንበብና የመጻፍ ትምህርቱን ከመማሪያ ጣቢያው ወደ ቴሌግራም ለማሻገር ካሰቡ፣ «ስልክ አለዎት?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «አለኝ» ያሉኝ አንዲት እናት የሚጠቀሙበት ስልክ የልጃቸው ስለነበረ፣ ልጁ ከሥራ አምሽቶ በገባ ቁጥር ትምህርቱ ሳይከፈት ያድር ነበር። ስለዚህ ስልኩ የማን እንደሆነ፣ በቀን ለስንት ሰዓት በእጃቸው እንደሚቆይ፣ የት ቻርጅ እንደሚደረግና የኢንተርኔት ጥቅሉን ማን እንደሚገዛ ለይተው ይጠይቁ።

ቀሪውን በጥያቄ ሳይሆን በተግባር ይፈትሹ፤ ትልቅ ሰው በሌሎች ፊት «አልችልም» ማለት ይከብደዋልና። ተማሪውን ለብቻቸው ያስቀምጡና የላኩላቸውን የድምፅ መልእክት ፈልገው እንዲያዳምጡ፣ በድምፅ እንዲመልሱልዎ፣ የደብተራቸውንም ገጽ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩ ይጠይቋቸው። በዚህ ጊዜ እጅዎን ወደ ስልኩ ፈጽሞ አይዘርጉ።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ድምፅ መቅዳት ላይ ነው። በቴሌግራም የማይክራፎኑን ምልክት ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል፤ ነካ አድርገው ከለቀቁት ወደ ካሜራ ምልክት ይለወጣል። ስድሳ ዓመት የተጠጋቸው አንዲት ተማሪዬ የልጃቸውን ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር ለዓመታት በቃላቸው ሲደውሉ የኖሩ ናቸው፤ እዚህ ላይ ግን ጣታቸውን ቶሎ ያነሡና ካሜራው ሲመጣ «አበላሸሁት መሰለኝ» ብለው ስልኩን ያስቀምጡት ነበር። ጣታቸውን ሳያነሡ ከ«ሀ» እስከ «ሆ» እንዲሉ ሳለማምዳቸው ግን በሁለት ቀን ለመዱት። የያዛቸው የችሎታ ማነስ ሳይሆን ፍርሃት ነበር፤ እኛ አመቻቾች ሁለቱን ለይተን ካላየን ብዙ ሰው ያለ አግባብ «ዝግጁ አይደለም» ብለን እናስቀራለን።

የንባብ ደረጃቸውን ሲፈትሹ ፊደሉን በተራ አያስጠሩ፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረው በኋላ ንባቡ የጠፋባቸው ሰዎች ዛሬም ገበታውን እንደ ዜማ ሊወጡት ይችላሉ። ፊደሎቹን አደባልቀው ያሳዩ። መጻፍን በተመለከተ ደግሞ፣ የአማርኛ ድምፅ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት ኪቦርድ ለጀማሪ ሁለተኛ ፊደል የመማር ያህል ሸክም ስለሆነ፣ ግዕዙ ሲነካ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ቀሪውን የሚዘረዝረውን ዓይነት ይጫኑላቸው። እስኪለምዱት ድረስ በደብተር ጽፈው ፎቶውን ቢልኩ ይሻላል።

ሰዓትም ያሳስታል። ምሽት 2 ሰዓት ብለው ሲቀጥሯቸው ስልኩ 8:00 ወይም 20:00 ስለሚል፣ ስልኩ የሚያሳየውን አኃዝ ራሱን በደብተራቸው ያጽፏቸው። ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ ተማሪዎች ቅርብ ማየት ሊቸገሩ ስለሚችሉም፣ ስልኩን ከፊታቸው እያራቁ የሚያነቡ ከሆነ «አያነቡም» ብለው ከመመዝገብዎ በፊት የስልኩን ጽሑፍ ያተልቁላቸው።

ከሦስቱ የስልክ ተግባሮች (ድምፅ ከማዳመጥ፣ በድምፅ ከመመለስና ፎቶ ከመላክ) ሁለቱን ያለ ረዳት መፈጸም ያልቻሉ ተማሪዎች ሁለት ሳምንት በጣቢያው ይለማመዱና በዚያው ስልክ እንደገና ይፈተኑ። ያለፉትንም ቢሆን በመጀመሪያው ወር በድምፅና በፎቶ ብቻ ያስተምሩ፤ ቪዲዮ ጥቅሉን ቶሎ ይጨርሰዋል፣ ጥቅሉ ያለቀባቸው ተማሪ ደግሞ አፍረው ዝም ይላሉ እንጂ አይነግሩዎትም። በሳምንት አንድ ቀን በአካል መገናኘቱን አያስቀሩ፤ የጠፉትን ተማሪ ምክንያት የሚሰሙት በዚያን ቀን ነው።