ኮንትራት መኪና ከአዲስ አበባ ወደ ሌላ ከተማ፦ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከመሀል አዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር ወይም ደሴ መኪና ከነሹፌሩ በኮንትራት የሚይዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳይ አስቸኩሎት ነው። ለቅሶ ሊደርስ ይሆናል፣ ታማሚ ሊወስድ ይሆናል፣ አቅመ ደካማ እናቱን በአውቶቡስ ግፊያ ሳያንገላታ አገር ቤት ሊያደርስ፣ ወይም ከውጭ የመጣ ቤተሰብ ከነሻንጣው ሊያጓጉዝ ይሆናል። የቸኮለ ሰው ደግሞ ዋጋውን ብቻ ጠይቆ «እሺ፣ ና» ይላል። ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ከታች ያሉት ችግሮች የተለያዩ ቢመስሉም አብዛኞቹ መነሻቸው አንድ ነው፤ ስለ መልሱ ጉዞ አለመነጋገር። መኪናው እርስዎን አድርሶ ባዶውን ይመለሳል። የዚያ መመለሻ ነዳጅ፣ የሹፌሩ አዳርና ምግብ ከማን ኪስ እንደሚወጣ አፍ አውጥቶ የተናገረ ከሌለ፣ ወጪው ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል፤ ጭማሪ ሆኖ፣ መንገድ ላይ የተጫነ ሰው ሆኖ፣ ወይም ሹፌሩ ሰበብ እየፈጠረ የሚያባክነው ሰዓት ሆኖ።

«ስንነሳ የተባለው ዋጋ ስንደርስ ሌላ ሆነ»

ይህ ከሁሉም የበዛው ቅሬታ ነው። «እስከ ሐዋሳ ይህን ያህል» ተባብለው ይወጣሉ፤ ሻሸመኔን ሲያልፉ ሹፌሩ «ጋሼ፣ የመልሱን ነዳጅስ?» ይላል። እርስዎ መልሱ ዋጋው ውስጥ ያለ መስሎዎታል። እሱ ደግሞ የነገሩትን ዋጋ ለመሄጃው ብቻ ቆጥሮታል፣ ወይም መሀል የገባው ደላላ ድርሻውን ሲያነሳ ለመልሱ የሚሆን አልተረፈውም። ሁለታችሁም ተታለልኩ ትላላችሁ።

መፍትሄው ከመነሳት በፊት ሒሳቡን ራስዎ መሥራት ነው። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 550 ይሆናል። መኪናው በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለው ቢይዙ 55 ሊትር ያስፈልገዋል። ይህን የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ባወጣው የወቅቱ የነዳጅ ዋጋ ያባዙት። ቤንዚን ነው ናፍጣ ብሎ መጠየቅም አይርሱ፤ ዋጋቸው ይለያያል። በዚህ ላይ የፈጣን መንገድ ክፍያ፣ ሹፌሩ የሚያድር ከሆነ አበሉ፣ የመኪናው የቀን ኪራይና የሹፌሩ ድካም ይጨመራል። የተነገረዎት ዋጋ የደርሶ መልሱን ነዳጅ እንኳ በቅጡ የማይሸፍን ከሆነ ርካሽ አገኘሁ ብለው አይደሰቱ። ቀሪው መንገድ ላይ ይጠየቃል።

ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዝጉት፦ «ይህ ዋጋ የመሄጃና የመመለሻ ነዳጅህን፣ የፈጣን መንገዱን ክፍያ፣ ምግብህንና አዳርህን ጨምሮ ነው፤ ሌላ የምጨምረው የለም። ተስማማን?» ይህንኑ በጽሑፍ መልእክት ይላኩለትና «ተስማምቻለሁ» ብሎ እንዲመልስ ያድርጉ። ሥነ ሥርዓት ማብዛት ይመስላል እንጂ ለሹፌሩም ጥሩ ነው፤ ቀጥተኛ ሹፌር ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ እሱም ካላመነበት ያኔውኑ ይናገራል።

አንድ ነገር ልጨምር። እየሄዱ ወጪው በእውነት ከፍ ሊል ይችላል፤ መንገድ ተዘግቶ በሌላ አቅጣጫ መዞር፣ በእርስዎ ጉዳይ አንድ ቀን ተጨማሪ ማደር። ያኔ የሹፌሩን ሐቅ መንፈግ ነውር ነው። የተጨማሪ ቀን ሒሳብ ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ ከተነገረ ግን ጭቅጭቅ አይኖርም።

«ሙሉ መኪና ይዤ መንገድ ላይ ሰው ጫነብኝ»

የዚህም ምንጭ ያው ነው። በተጎዳ ዋጋ የወጣ ሹፌር ባዶ ወንበር ሲያይ ገንዘብ ይታየዋል። ሞጆ ላይ አንድ፣ ባቱ ላይ ሁለት ሰው እያነሳ የጎደለበትን ይሞላል። አንዳንዱ ደግሞ ከመነሻው ወንበር ወንበሩን ለተለያየ ሰው ሸጦ ነው የሚመጣው፤ ለእርስዎ «ኮንትራት» ያለውን ለሌላው «አንድ ሰው ነው የቀረኝ» ብሎታል።

«ከእኛ ሌላ ሰው አይጫንም፣ ዕቃም አይጫንም» ብለው ሲዋዋሉ ይናገሩ። ዕቃውን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። «ይቺን ካርቶን ለዘመድ አደርሳለሁ» የሚባል ነገር ኬላ ላይ ሲፈተሽ ተጠያቂው እርስዎም ሊሆኑ ይችላሉ። ከፈለጉ ግን በተቃራኒው ይጠቀሙበት፦ ሲመለስ ሰው መጫን እንደሚችል ይንገሩትና በዚያ ምክንያት ዋጋ እንዲቀንስልዎ ይጠይቁ። የሚመለስበትን ሰዓት እሱ ከመረጠ መጫኛ ያገኛል። እኔ ከሁሉም ፍትሐዊ የምለው ድርድር ይህ ነው።

«12 ሰዓት ተባብለን ማንም አልመጣም»

መጀመሪያ ሰዓቱን ያጣሩ። ከውጭ የመጣ ዘመድ ወይም የአውሮፕላን ቲኬት «6:00» ሲል ጠዋት 12 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ሹፌሩ ግን እኩለ ቀን ላይ ሊመጣ ይችላል። ሌሊት ላይ ቀኑም ይምታታል። ቲኬቱ ቅዳሜ 01:00 ካለ፣ በእኛ አነጋገር ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ «ቅዳሜ ሌሊት» ብለው ከነገሩት ቦሌ የሚደርሰው አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ «ዓርብ ማታ ተኝተን ለቅዳሜ ሲነጋ» እስከሚባል ድረስ ማብራራት አይከፋም።

ሰዓቱ ትክክል ከሆነ ቦታውን ያጣሩ። በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ በጣም ተለውጠዋል፤ «ከድሮው ሱቅ ፊት ለፊት» የሚባለው ሱቅ የለም፣ መታጠፊያውም ሌላ ሆኗል። ዋና መንገድ ዳር ዝም ብሎ መቆምም ያስቀጣል፤ ስለዚህ ሹፌሩ አንድ ጊዜ አልፎ ሄዶ እየዞረ ሊሆን ይችላል። መኪና ገብቶ ሊቆምበት የሚችል ግቢ ይምረጡ፤ የሆቴል በር ወይም ክፍያ ያለው የመኪና ማቆሚያ። የቦታውን ሎኬሽን ማታውኑ በቴሌግራም ይላኩለት።

ሦስተኛው ምክንያት ነዳጅ ነው። ሹፌሩ «መጣሁ፣ መጣሁ» የሚለው ማደያ ሰልፍ ላይ ቆሞ ይሆናል። ማታውኑ ፉል አስሞልቶ እንዲያድር ይስማሙ። በአዲስ አበባ ነዳጅ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሚከፈለው በቴሌብርና በመሰል የስልክ መክፈያዎች ነው፤ ሹፌሩ ስልኩ ላይ በቂ ሒሳብ ከሌለው የነዳጁን እርስዎ እንዲልኩለት ይጠይቃል። ይላኩለት፣ ግን ከጠቅላላው ክፍያ የሚታሰብ መሆኑን እዚያው መልእክቱ ላይ ይጻፉ።

«የተስማማሁበት መኪናና የመጣው አይገናኙም»

ላንድክሩዘር ተብሎ ቪትዝ መጣ፤ ወይም መኪናው ያው ሆኖ ሹፌሩ ሌላ ነው። ስታዲየም ወይም ለገሃር አካባቢ ያናገሩት ደላላ ሥራውን ለሌላ ደላላ አሳልፎታል፣ ያም ለሌላ። በመጨረሻ የመጣው ሹፌር ከእርስዎ ጋር የተባባሉትን ጨርሶ አልሰማም። ደላላውን የኮሚሽኑን ይክፈሉት፣ ውሉን ግን ከሚነዳው ሰው ጋር ይጨርሱ። የታርጋውን ቁጥርና የመኪናውን ፎቶ ቀድሞ እንዲልክ ይጠይቁ፤ ሲመጣ ታርጋው ካልገጠመ ሻንጣ ሳይጭኑ እዚያው ይነጋገሩ። ሻንጣው ከተጫነ በኋላ የመከራከር አቅም ይደክማል።

ሻንጣ ካነሳን፣ አራት ሰው ሁለት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ ቢመጣ ስምንት ሻንጣ ነው፤ ኮሮላ አይችለውም። ሃይሩፍ ይያዙ፣ ወይም ፖርቶመጋላ ያለው መኪና ይጠይቁ።

አሁን አሁን የሚያጋጥም ሌላም አለ፤ የኤሌክትሪክ መኪና። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከከለከለ ወዲህ ከተማው ውስጥ በዝተዋል። ለቢሾፍቱና ለአዳማ ምቹ ናቸው፣ ድምፅም የላቸውም። ለረጅም መንገድ ግን መሙያ ጣቢያው ያለው በብዛት አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ዳገትና ብርድ ደግሞ ባትሪ ይበላሉ። ሹፌሩ የት ቆሞ እንደሚሞላ በስም ካልነገረዎት ደሴና ባሕር ዳር በዚያ መኪና አይውጡ።

«ቀብድ ከላክሁ በኋላ ስልኩ ተዘጋ»

መኪናውን ሳያዩ ትልቅ ቀብድ አይላኩ። የሚላክበት ሒሳብ ስም ከሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ወይም ከሊብሬው ባለቤት ስም ጋር ካልተመሳሰለ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። የተሻለው አከፋፈል ጥቂቱን ለነዳጅ ሲነሱ፣ ከፊሉን ግማሽ መንገድ ላይ፣ ቀሪውን ሲደርሱ ነው። ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ከሆነ የነቁት ጊዜ አያባክኑ፤ ቴሌብር ከሆነ 127፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ይደውሉ፣ የግብይት ቁጥሩን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ያመልክቱ።

«ትራፊክ አስቆመን፣ ሹፌሩ “ዘመድ ነን በሉ” አለን»

ይህን የሰማ ተሳፋሪ ልቡ ሊደነግጥ ይገባል። ሹፌሩ እንዲህ የሚለው መኪናው ኮድ 2፣ ማለትም የቤት መኪና ሆኖ ለኪራይ ስለዋለ ነው። ለንግድ ሥራ የሚመዘገበው ኮድ 3 ነው። ኮድ 4 ደግሞ የመንግሥት ነው፤ ማንም ሹፌር በዚያ መኪና ሊያከራይዎት አይገባም።

ቅጣቱ የሹፌሩ ነው ብለው አይለፉት። መኪናው ተይዞ እናንተ መንገድ ዳር ትቀራላችሁ። ከዚያ የባሰው ደግሞ አደጋ ቢደርስ ነው፦ ለቤት አገልግሎት የተገባ መድን መኪናው ለኪራይ ውሎ ከተገኘ ኩባንያው ካሳ ላለመክፈል መከራከሪያ ያገኛል። የተጎዳ ሰው ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ቤተሰቡ በዚህ ሲንከራተት ማሰብ ይከብዳል። ስለዚህ ቀድመው ሦስት ነገር ይዩ፤ የታርጋውን ኮድ፣ የዘመኑን ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑን። ሹፌሩ ለማሳየት ካመነታ ሌላ መኪና ይፈልጉ። እናንተም መታወቂያችሁን ያዙ፤ ኬላ ላይ ተሳፋሪም ይጠየቃል።

«ሹፌሩ በዚያ መንገድ አልሄድም አለ»

እዚህ ላይ ሹፌሩን ይመኑ። መንገዱ ላይ ስላለው የፀጥታ ሁኔታ ከእርስዎ ይልቅ ማለዳ ከሌሎች ሹፌሮች ጋር የተደዋወለው እሱ ያውቃል። ገንዘብ ጨምሮ ማሳመን በሰው ነፍስ መወራረድ ነው፤ የሱም የእናንተም። ሌሊት መንዳትም እንዲሁ ነው። መብራት የሌለው ከባድ መኪና፣ አስፋልት ላይ የተኛ ከብት፣ ጭጋግ፤ ጣርማበርን ወይም የዓባይን በረሃ በጨለማ አያቋርጡ። ባሕር ዳር በቀን ለመድረስ ከአዲስ አበባ ንጋት ላይ መውጣት ያስፈልጋል፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና።

መንገዱ አጠራጣሪ በሆነበት ሰሞን ከቦሌ ወደ ባሕር ዳር፣ ኮምቦልቻ፣ ጅማና ሐዋሳ በረራ አለ። ለድሬዳዋ ደግሞ ከለቡ የሚነሳው ባቡር አለ። ቀብዱ ቢቀር ይቅር።

«መኪናው መንገድ ላይ ቆመ»

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ፍሬን ይግላል። ሲወጡ ደግሞ ሞተር ይሞቃል። የጅማው መንገድ ጊቤ ላይ ተመሳሳይ ነው። ከመነሳት በፊት ጎማዎቹን በዓይንዎ ይዩ፤ ተጠባባቂ ጎማና ክሪክ መኖሩንም ይጠይቁ። ሹፌሩ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ከፍቶ ከለቀቀው ዝም አይበሉ፣ በከባድ ማርሽ እንዲወርድ በትሕትና ይንገሩት።

መኪናው ከቆመ ሁሉም ሰው ከአስፋልቱ ወጥቶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቁም፤ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ አደገኛ ነው። ከዚያ ሒሳቡ፦ ሹፌሩ በራሱ ወጪ ምትክ መኪና ካስመጣ ውሉ ይቀጥላል። ካልቻለ ለተሄደው ኪሎ ሜትር ብቻ ይከፈለዋል፤ ከ275 ኪሎ ሜትር 160ውን አድርሶ ከሆነ የዚያን ድርሻ ይቀበላል፣ ቀሪው ለምትኩ መኪና ይሆናል። ይህንንም ሲዋዋሉ ካልተናገሩት፣ ተሳፋሪው በሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሊደራደሩበት ነው።