አንዴ በኦፕራሲዮን ወልደሽ አሁን መንታ ካረገዝሽ፦ በምጥ ልውለድ ከማለትሽ በፊት ምን ምን ታጣሪያለሽ

ይሄ ጥያቄ ክትትል ክፍል ሁሌ ይመጣል። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ወልዳ ሁለተኛውን በቃ በምጥ ነው የምወልደው ብላ ልቧን አዘጋጅታ ሳለ አልትራሳውንዱ ላይ ሁለት ልብ ሲመታ ይታያል፣ ደስታውም ጭንቀቱም እኩል ነው የሚመጣው። ባል አንድ ይላል አማት ሌላ ትላለች፣ ጎረቤት ደግሞ "እኔ የማውቃት አንዷ ማህፀኗ ተተርትሮ..." ብላ ትጀምራለች። እኔ ሚድዋይፍ ነኝ፣ የማውቀውን በተራ ላውጋሽ፣ ግን ይሄ ሀኪምሽን አይተካም፣ ሀኪምሽ ፊት ስትቀርቢ ምን ይዘሽ እንደምትሄጂና ምን እንደምትጠይቂ ነው የምነግርሽ።

መልሱን ቀድሜ ልንገርሽ፣ ይቻላል፣ ግን ለሁሉም ሴት አይደለም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሁሉም ቦታ አይደለም። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሀኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ በታችኛው የማህፀን ክፍል በአግድም ተቀዳ የወለደችና መንታዋን በምጥ ለመውለድ ሌላ የሚከለክላት ነገር የሌለ ሴት መሞከር ትችላለች ይላል። የእንግሊዞቹ ሮያል ኮሌጅ ግን በ2015ቱ መመሪያው መንታ ሲሆን በጥንቃቄ ይታይ ነው ያለው። እኛ አገር ብዙ ሀኪም የድሮ ኦፕራሲዮን የማህፀን ጠባሳና መንታ አንድ ላይ ሲገጥመው ወደ ቀዶ ጥገናው ነው የሚያደላው፣ እንደዛ ሲልሽ ወዲያው ብር ፈልጎ ነው ብለሽ አትደምድሚ፣ ብዙ ጊዜ በጭንቅላቱ የሚያወጣው የሚያወርደው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን አለ የሚለውን ነው። እኔም ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የት ትወልጃለሽ የሚለው ላይ ነው የሚወድቀው።

ቁጥሩን እንይ። አንዴ በኦፕራሲዮን ወልደው በምጥ ከሚሞክሩ 100 ሴቶች ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት ይሳካላቸዋል፣ ከዚህ በፊት አንድ እንኳ በምጥ የወለደች ከሆነች ደግሞ ከ85 በላይ ይደርሳል። ጠባሳው የመተርተር ዕድሉ ከ200 ሴቶች አንዷ አካባቢ ነው። መንታ መሆኑ ይሄን ቁጥር ከአንድ ልጅ እርግዝና ጎልቶ አያሳድገውም፣ ግን ቀጠሮ ይዞ ከሚደረግ ኦፕራሲዮን ጋር ካወዳደርሽው አደጋው በግልጽ ይበልጣል። ከ200 አንድ ትንሽ ይመስላል አይደል፣ ችግሩ ሲደርስ ያለሽ ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር መሆኑ ነው። በሌላ በኩል ኦፕራሲዮን በተደጋገመ ቁጥር የሚቀጥለው እርግዝና ላይ የእንግዴ ልጁ በጠባሳው ላይ ተጣብቆ የመቅረቱ ነገር ይጨምራል፣ ስለዚህ ከነዚህ መንታዎች በኋላ ሌላ ልጅ ታስቢያለሽ ወይስ ይበቃሻል የሚለው ራሱ ውሳኔው ውስጥ ይገባል፣ ይሄን ደግሞ ሀኪሙ ካልነገርሽው አያውቅም።

አሁን ወደ ስራው። መጀመሪያ የድሮውን የኦፕራሲዮን ወረቀት ፈልጊ። ሆድሽ ላይ የምታዪው ጠባሳ ስለውስጡ ምንም አይነግርሽም እኮ፣ ቆዳው በአግድም ተቀዶ ማህፀኑ በቁም የተቀደደች አለች፣ ተቃራኒውም አለ። ማህፀኑ ወደ ላይ በቁም ከተቀደደ የመተርተር አደጋው ከ100 ሴቶች ከ4 እስከ 9 ስለሚደርስ በምጥ መሞከር የለም፣ ጨዋታው እዛው ያልቃል። ስትወጪ የተሰጠሽ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አህጽሮት ተጽፎ ታያለሽ፣ ኤል ዩ ኤስ ቲ የሚል ካለው በታችኛው ክፍል በአግድም ነው ማለት ነው፣ እሱ ነው የምንፈልገው። ለምን እንደተቀደድሽም እዛው ይጻፋል። ሲ ፒ ዲ ካለ ልጁ ከዳሌሽ ጋር አልተመጣጠነም ተብሎ ነው፣ ኤን አር ኤፍ ኤች አር ካለ የልጁ የልብ ምት አስግቷቸው ነው፣ ወይ ደግሞ በመቀመጫው መጥቶ ይሆናል። የልብ ምቱ ወይም አመጣጡ ከነበረ ምክንያቱ አሁን ሊደገምም ላይደገምም ይችላል፣ ሙሉ ከፍተሽ ለሰዓታት አምጠሽ አልወርድ ብሎ ከነበረ ግን የመሳካት ዕድሉ ዝቅ ይላል። ወረቀቱ ከጠፋ ወደወለድሽበት ካርድ ክፍል ሄደሽ ኮፒ አስወጪ፣ የካርድ ቁጥርሽ ባይኖርሽም ስምሽንና የወለድሽበትን ቀን ይዘሽ ሂጂ። ኩዌት ወይ ቤሩት ወይ ዱባይ ወልደሽ ለዚህኛው አገር ቤት የመጣሽ ከሆነ ደግሞ እዛ ያለች ጓደኛሽን ወይ እህትሽን ዛሬውኑ ላኪያት፣ በስምንተኛው ወር ላይ የሚሮጡለት ነገር አይደለም።

እግረ መንገድሽን ቀኑን ቁጠሪ። ካለፈው ወሊድ እስከዚህኛው ወሊድ ያለው ጊዜ ከ18 ወር ካነሰ ጠባሳው የመተርተር አደጋው ይጨምራል። ሁለቴ የተቀደድሽ ከሆንሽ ደግሞ በመንታ እኔ በበኩሌ አልመክርሽም።

ሁለተኛው ወረቀት የአልትራሳውንዱ ነው፣ እሱም ከ14 ሳምንት በፊት የተነሳው። ለምን መሰለሽ፣ መንታዎቹ የየራሳቸው የእንግዴ ልጅ አላቸው ወይስ አንድ ይጋራሉ የሚለው በደንብ የሚለየው ያኔ ነው፣ እያደጉ ሲሄዱ ይደበላለቃል። የየራሳቸው ካላቸው በጣም ጥሩ፣ በምጥ ለመሞከር የሚመረጠው እሱ ነው። የእንግዴ ልጁን የሚጋሩ ግን በየራሳቸው ከረጢት ያሉ ከሆኑ ክትትሉ ይበዛል፣ በየሁለት ሳምንቱ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል፣ መውለጃውም ይቀድማል። አንድ ከረጢት ውስጥ አንድ ላይ ከሆኑ ግን እትብታቸው ስለሚጠላለፍ ከ32 እስከ 34 ሳምንት ባለው በኦፕራሲዮን ነው የሚወጡት፣ ጠባሳ ኖረሽም አልኖረሽም። "መንታ ነው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው" ብቻ ብለው ከሸኙሽ ተመልሰሽ ይሄን ጠይቂ፣ አትፈሪ።

ከዛ አቀማመጥ። ከታች ያለው፣ ማለትም መጀመሪያ የሚወጣው፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች መሆን አለበት። ካልሆነ ጠባሳ ላይ መሞከሩ ይቅር። ሁለተኛው ቢዞር ሁሉም ነገር አለቀ ማለት አይደለም፣ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ቀጠሮው ነው። መንታ 40 ሳምንት አይጠበቅም፣ የየራሳቸው የእንግዴ ልጅ ያላቸው በ37 እና በ38 ሳምንት አካባቢ፣ የሚጋሩት ከዛ በፊት እንዲወለዱ ነው የሚደረገው። ምጥ በራሱ ከዛ በፊት ከመጣ (ከመንታ እርግዝና ከግማሽ በላዩ ከ37 ሳምንት በፊት ነው የሚወለደው) ደህና። ካልመጣስ? ያኔ ምጥ ማምጣት ይመጣል፣ ጠባሳ ያላት ሴት ላይ ደግሞ ምጥ ማምጣት ሌላ ታሪክ ነው። ሚሶፕሮስቶል የሚባለው ኪኒን ጠባሳ ላላት ሴት በዚህ ጊዜ ምጥ ለማምጣት አይሰጥም፣ በአፍም ሆነ በታች፣ ማንም ቢሰጥሽ እንቢ በይ፣ ከፋርማሲ ገዝቶ የሚያመጣልሽ ዘመድም ካለ እንቢ በይ። በግሉኮስ የሚንጠባጠበው ኦክሲቶሲን በጥንቃቄ ይቻላል ግን የመተርተሩን ዕድል ወደ እጥፍ ያደርሰዋል። የጎማ ካቴተር በማህፀን በር አስገብቶ ውሃ ሞልቶ መክፈትም አለ። ስለዚህ ገና በስድስተኛ ወር ሀኪምሽን "ምጡ በራሱ ባይመጣ ምን እናደርጋለን" በይው። የኔን አስተያየት ከፈለግሽ በራሱ ከመጣ ሞክሪ፣ ካልመጣ ቀጠሮ ይዘሽ ተቀደጂ። የባህል ምጥ አምጪ ምናምን ተብሎ የሚጠጣውን ደግሞ በቃ ተይው፣ ምን እንዳለበትና መጠኑ ስንት እንደሆነ ማንም አይነግርሽም።

አሁን ዋናው፣ ቦታው። ጤና ጣቢያ ክትትል ማድረግሽ ጥሩ ነው፣ የሚሰጥሽም አገልግሎት በነፃ ነው፣ መውለጃሽ ግን እዛ አይደለም፣ አብዛኞቹ ኦፕራሲዮን ክፍል የላቸውም። ሆስፒታል ስትመርጪ በህንፃው አትመልከቺ፣ እነዚህን ጠይቂ፦ ሌሊትና እሁድ የማህፀን ሀኪም ግቢ ውስጥ ያድራል ወይስ ከቤት ነው የሚጠራው? ሰመመን የሚሰጠውስ? ደም አለ ወይ፣ የኔ ዓይነት? የጨቅላ ህፃናት ክፍል አለ? መኪናው እስኪመጣ፣ ሀኪሙ እስኪነቃ፣ ቁልፍ የያዘው እስኪገኝ ከተባለ ያ ቦታ ለዚህ ሙከራ አይሆንም፣ ሌላ ነገሩ ምንም ያህል ቢያምር። የምትኖሪው ከከተማ ርቆ ከሆነ ደግሞ ከ34 ሳምንት ጀምሮ ዘመድ ቤት ወይም ሆስፒታሉ አጠገብ ያለው የእናቶች ማቆያ ገብተሽ ተቀመጪ፣ ምጥ ከጀመረሽ በኋላ ሶስት ሰዓት መንገድ ለጠባሳ አይሆንም።

ሌላው ጥያቄ የልጆቹን ልብ እንዴት ነው የምታዳምጡት የሚለው ነው። ማሽኑ ካለ ሁለቱንም ባንዴ እያነበበ ሳይቋረጥ መቆየት አለበት፣ ምክንያቱም ጠባሳው መላቀቅ ሲጀምር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የልጅ የልብ ምት መውረድ ነው። መንታ ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። አንድ ሰው ግራ በኩል ሰምቶ 140 ይላል፣ ቀኝ በኩል ሰምቶ 142 ይላል፣ ሁለቱም ደህና ናቸው ይባላል፣ አንዱን ልጅ ሁለቴ ሰምቶት ሊሆን ይችላል እኮ። ስለዚህ ሁለት ሰው ባንዴ ያዳምጣል፣ ልዩነቱ በደቂቃ ወደ 10 ምት ካልሆነ ልጆቹ ሁለት መሆናቸው አልተረጋገጠም ብለን እንደገና እንፈልጋለን። ይሄን ስትጠይቂ አዋላጇ ብታኮርፍ ግድ የለሽም ጠይቂ።

ቀኑ ሲደርስ ምጥ ከጀመረሽ እቤት አትቆዪ። እንሽርት ውሃ ከፈሰሰ ምጥ ባይኖርም ሂጂ፣ ደም ካየሽ ሂጂ፣ አምቡላንስ ካስፈለገሽ ቀይ መስቀል 907 ነው። በምጡ መሀል ምጡ ሲያርፍ የማያርፍ ህመም ጠባሳው አካባቢ ከተሰማሽ፣ ወይ ጠንክሮ የነበረው ምጥ ድንገት ቀጥ ካለ፣ ወይ ትከሻሽ ላይ ከወጋሽ፣ ወይ ከደከመሽና ካላበሽ ዝም አትበይ፣ ጩኺ። እኛ አገር ሴት በምጥ ላይ መቻል አለባት ተብሎ ነው ያደገችው፣ እዚህ ላይ መቻል አያስፈልግም። የምጥ ህመም የሚያስታግሰው የወገብ መርፌ ካለ ደግሞ ጠባሳ አይከለክለውም፣ እንደውም ሁለተኛውን ልጅ በእጅ ማዞር ቢመጣ ይረዳል።

ወደ ሁለተኛው ልጅ ልመለስ። የመጀመሪያው እንደወጣ ክፍሉ ውስጥ ደስታ ይሆናል እልል ይባላል፣ በዛች ሰዓት ግን አንዷ አዋላጅ ሁለት እጇን ከውጭ ሆድሽ ላይ አድርጋ ሁለተኛው በድንገት ባገኘው ሰፊ ቦታ እንዳይገላበጥ ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች፣ ሌላዋ ወዲያው አልትራሳውንድ ታደርጋለች። ጭንቅላቱ ከመጣ ምጡ ይጠበቃል፣ በመቀመጫው ወይ ጎን ለጎን ከመጣ ልምድ ያለው ሀኪም እግሩን ይዞ ያወጣዋል። እዚህ ላይ ልምድ የሚለው ቃል ትልቅ ነው፣ ይሄን የሚችል ሰው በዛ ሰዓት ተረኛ መሆኑን አስቀድመሽ ካላወቅሽ አትጀምሪው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ብዙ አገሮች የተሳተፉበት የመንታ ጥናት ላይ በምጥ ለመውለድ ከታቀዱት ከ100 አራቱ አካባቢ የመጀመሪያውን በምጥ ሁለተኛውን በኦፕራሲዮን ወልደዋል፣ ማለትም ሁለቱንም ህመም አብረው ቀምሰዋል። ይሄን ሳትሰሚ ፈርሚ ብትባዪ አትፈርሚ።

ለቤተሰብ አንድ ስራ ስጪ፣ የደም ዓይነትሽን አውቀው ደም የሚሰጥ ሰው ይዘጋጅ። ሁለት ልጅ የያዘ ማህፀን በጣም ስለሚለጠጥ ከወለዱ በኋላ ቶሎ አይኮማተርም፣ የሚደማውም እዛ ላይ ነው፣ የአይረን ኪኒንሽን በክትትሉ ጊዜ ሳትዘልዪ የምትውጪውም ለዚህ ነው። በምጥም ወለድሽ በኦፕራሲዮን ቢያንስ የመጀመሪያውን 24 ሰዓት ከሆስፒታል አትውጪ፣ ገንፎው ቤት ይጠብቃል። ፓድሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተሞላ ወይ የደም ጓል ከወጣ ጥሪ፣ ነርሷ "የተለመደ ነው" ብትልሽ ሆድሽን ዳብሳ ማህፀንሽ መጠንከሩን እንድታይ ጠይቂያት። ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ የወሊድ መከላከያውን እዛው ጨርሺ፣ ሉፕ ከፈለግሽ የእንግዴ ልጁ እንደወጣ ወዲያው ማስገባት ይቻላል፣ በቀዶ ጥገናም ከሆነ በዛው ቀዳዳ ይገባል፣ ለዛ ግን ከመውለድሽ በፊት ካርድሽ ላይ እንዲጻፍ አድርጊ።