የዊንዶውስ ዲስካችሁ ሳይበላሽ ቡት የሚያደርግ ቅጂ ያዙለት

የዊንዶውስ 7 ዲቪዲ፣ ላፕቶፕ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የነበረ የሪከቨሪ ዲስክ፣ ወይም ጓደኛ የሰጣችሁ የኡቡንቱ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ስርዓተ ክወና) ሲዲ መሳቢያ ውስጥ አለ? ዛሬውኑ አውጡና ቡት የሚያደርግ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ማስነሳት የሚችል ቅጂ ያዙለት። አሁን ያነብ ይሆናል። ከዓመት በኋላ ስለማንበቡ ግን ማንም ዋስትና አይሰጣችሁም። እዚህ ሐዋሳ ብዙ ፎቶ ኮፒ ቤት አሁንም በቆየ ዴስክቶፕ ነው የሚሠራው፤ ያ ማሽን አልነሳም ያለ ቀን የሚፈለገው ያው አሮጌ ዲስክ ነው።

«ሲያስፈልገኝ ከኢንተርኔት አወርደዋለሁ» የምትሉ አላችሁ። የዊንዶውስ 11 ፋይል ብቻውን ከ5 ጊጋባይት ይበልጣል፣ ፓኬጁን ጠራርጎ ነው የሚበላው። ለዊንዶውስ 7 ደግሞ ማይክሮሶፍት ድጋፍ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ማን ምን እንደጨመረበት አታውቁም። እጃችሁ ላይ ያለው ኦርጅናል ዲስክ ከዚያ ሁሉ ይሻላል።

አሁን ወደ ሥራው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ዲስኩን ይከፍታል፣ ሁሉንም ፋይል መርጦ ኮፒ ያደርጋል፣ ባዶ ዲቪዲ ላይ ይጽፈዋል። ፋይሎቹ ሁሉ አሉ። ኮምፒውተሩ ግን በዚያ ዲስክ አይነሳም። ለምን? ዲስክ ቡት የሚያደርገው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ኤል ቶሪቶ በሚባል ደረጃ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ፎልደር አይከፍትም፤ ዲስኩ ላይ 17 ቁጥር ወደተሰጠው ሴክተር (ዲስኩ ከተከፋፈለባቸው ትንንሽ ክፍሎች አንዱ) ሄዶ «ማስነሻው የት ነው ያለው?» የሚለውን ያነባል። ይሄ መረጃ በፎልደር ውስጥ አይታይም። ስለማይታይም በኮፒ ፔስት አይመጣም። ስለዚህ መቅዳት ያለባችሁ ፋይሎቹን ሳይሆን ዲስኩን ራሱን ነው፣ ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው እንዳለ። ያ ቅጂ አንድ ፋይል ሆኖ ይወጣል፣ ስሙም አይኤስኦ ነው።

ለዚህ እኔ የምመርጠው ኢምግበርን የሚባለውን ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፣ የቆየ ማሽን ላይም ያለ ጣጣ ይሠራል። አደራ፣ ስትጭኑት ዝም ብላችሁ ኔክስት ኔክስት አትበሉ፤ ሌላ ፕሮግራም አብሮ ልጫን ሊላችሁ ስለሚችል እያነበባችሁ ምልክቱን አንሱ። ሲከፈት ስድስት ምርጫ ያሳያችኋል። «ክሪኤት ኢሜጅ ፋይል ፍሮም ዲስክ» የሚለውን ንኩ፣ የት እንደሚቀመጥ ምረጡ፣ ከታች ያለውን ትልቁን ዲስክ የሚመስል ቁልፍ ተጫኑ። በቃ፣ ከዚያ መጠበቅ ነው።

እየጠበቃችሁ ግን ማሽኑን ስሙት። ጤነኛ ዲስክ ወጥ በሆነ ድምፅ ነው የሚሽከረከረው። ድራይቩ (ዲስክ ማንበቢያው) ፍጥነት እየቀነሰ፣ እንደገና እየተነሳ፣ ቋ ቋ ካለ አንዱ ቦታ አልነበብም ብሎታል ማለት ነው፤ ስክሪኑም ላይ ደግሜ ልሞክር እያለ ሲመላለስ ታያላችሁ። ያኔ አቁሙት። ዲስኩን አውጡና ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ ከሥሩ እዩት። የጣት አሻራ ወይም አቧራ ከሆነ በመነጽር ጨርቅ ከመሃሉ ወደ ጠርዙ በቀጥታ ጥረጉት። ዙሪያውን እያሽከረከራችሁ አትጥረጉ፤ ጭረት ቢፈጠር ያንኑ የመረጃውን መስመር ተከትሎ ብዙ ቦታ ያበላሻል። በሶፍትም አትሞክሩት፣ ይቧጭራል። ተጠርጎም እምቢ ካለ በሌላ ድራይቭ ሞክሩ። አንዱ ድራይቭ ያቃተውን ዲስክ ሌላው የሚያነብበት ጊዜ አለና ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ላፕቶፓችሁ ዲቪዲ ማስገቢያ ከሌለው፣ አዳዲሶቹ አብዛኞቹ የላቸውም፣ በዩኤስቢ የሚሰካውን ተዋሱ፤ ካልሆነም ዲስኩንና ፍላሽ ይዛችሁ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ኮምፒውተር ቤት ጎራ በሉና «ኢሜጁን አውጡልኝ» በሏቸው። «ኮፒ አድርጉልኝ» ካላችሁ ፋይሎቹን ብቻ ሊሰጧችሁ ይችላሉ።

አይኤስኦው ከወጣ ከባዱ ነገር አልቋል። የቀረው ወደ ዲስክ ወይም ወደ ፍላሽ መመለስ ነው።

ዲስክ የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ መጠኑን እዩ። ሲዲ 700 ሜጋባይት ነው የሚይዘው፣ ተራው ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት፣ እሱም ኮምፒውተሩ ላይ 4.38 ሆኖ ነው የሚታየው። ዊንዶውስ 7 ይገባበታል፣ ዊንዶውስ 11 አይገባም። ኢምግበርን ላይ «ራይት ኢሜጅ ፋይል ቱ ዲስክ» በሉና ፍጥነቱን ወደ 4 ወይም 8 አውርዱት፤ የቆየ ድራይቭ በዝግታ የተጻፈን ዲስክ ሲያነብ ብዙም አይቸገርም። «ቬሪፋይ» የሚለው ምልክት ተደርጎበት ይሁን። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን የተጻፈውን መልሶ አንብቦ ከፋይሉ ጋር የሚያመሳክረው እሱ ነው። ሌላው የእኛ አገር ጉዳይ መብራት ነው። ዲስክ እየተጻፈ መብራት ከጠፋ ዲስኩ ተቃጠለ፣ ካቆመበት አይቀጥልም። ስለዚህ ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ጻፉት፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ሥሩት።

እውነቱን ለመናገር ግን ዛሬ ፍላሽ ይሻላል። 8 ጊጋባይት ይበቃል። ሩፈስ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ፣ መጫን እንኳን አያስፈልገውም። ፍላሹን ሰኩ፣ «ሴሌክት» ብላችሁ አይኤስኦውን አሳዩት። አንድ ጥያቄ ብቻ ሰውን ያደናግራል፦ ፓርቲሽን ስኪም፣ ማለትም ፍላሹ የሚከፋፈልበት መንገድ። መልሱ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም ባዮስ ነው ወይስ ዩኢኤፍአይ በሚለው ይወሰናል። ማሽኑ አሮጌ፣ ባዮስ ያለው ከሆነ ኤምቢአር፤ አዲስ፣ ዩኢኤፍአይ ያለው ከሆነ ጂፒቲ ምረጡ። «ስታርት» ስትሉ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የሠርግ ፎቶም ይሁን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ አይመርጥም። ቀድማችሁ አውጡት።

እዚህ ጋ «እኔ ኮፒ ፔስት አድርጌ በፍላሽ ሠርቶልኛል» የሚል ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሊሠራ ይችላል። ዩኢኤፍአይ ያለው ማሽን ፋት32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ፎርማት በሆነ ፍላሽ ላይ የማስነሻውን ፋይል በስሙ ፈልጎ ስለሚያገኘው ነው። ግን አሮጌው ባዮስ ይህን አያውቅም፣ ፋት32ም ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ባትተማመኑበት ይሻላል።

ዊንዶውስ 7ን በፍላሽ ለምትጭኑ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዊንዶውስ 7 መጫኛ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር (ቀዳዳውን የሚያሠራው ፕሮግራም) የለውም። ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ ከሰካችሁት በደንብ ይነሳና መሃል ላይ ድራይቨር አምጡ ብሎ ይቆማል። ብዙ ሰው ያኔ ፍላሹ የተበላሸ ይመስለውና እንደገና ይሠራዋል። ምንም አልሆነም። ነቅላችሁ ጥቁሩ የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ላይ ሰኩት።

አሁን መሞከር ነው፣ ይሄን እንዳትዘሉ። ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩና ወዲያው የቡት ሜኑውን (በምን እንደሚነሳ የሚመረጥበትን) ቁልፍ ደጋግማችሁ ንኩ፤ ኤችፒ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ9፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ አሱስ ላይ ኢስኬፕ ነው። ከዚያ ዲቪዲውን ወይም ፍላሹን ምረጡ። በዲስክ ከሆነ «ፕሬስ ኤኒ ኪ» የሚል ጽሑፍ ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ ይላል፤ አንድ ቁልፍ ካልነካችሁለት አልፏችሁ ወደ ድሮው ዊንዶውስ ይገባል። ቋንቋ ምረጡ የሚለው መስኮት ሲመጣ ቅጂው ሠርቷል ማለት ነው። እዚያው አቁሙ! ወደ መጫኑ አትግቡ፣ መስኮቱን ዘግታችሁ ውጡ። አዲስ ማሽን ላይ ዊንዶውስ 7 ካልነሳ ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ማስነሻን የሚከለክለው ጥበቃ) በርቶ ሊሆን ስለሚችል ከዩኢኤፍአይ ሴቲንጉ አጥፉት።

ማስቀመጡ ቀላል ነው። በተጻፈ ዲስክ ትልቁ ጠላት ፀሐይ ነው፣ መስኮት ሥር ወይም የመኪና ዳሽቦርድ ላይ አትተዉት። በእስክሪብቶ ጭራሽ አትጻፉበት፣ በማርከር ጻፉ። አይኤስኦውንም ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ላይ አስቀሩት፤ ፍላሹ ቢጠፋ ሌላ ለመሥራት ደቂቃዎች ናቸው የሚፈጅባችሁ።

ፕሮዳክት ኪውን፣ ማለትም ዊንዶውሱ ሲጫን የሚጠይቀውን ቁጥር፣ ደግሞ እንዳትረሱት። ቅጂው ውስጥ የለም። በዊንዶውስ 7 ጊዜ በወጡ ላፕቶፖች ከሥር ተለጥፎ ነው የሚገኘው፣ ከሙቀቱና ከመፋተጉ የተነሳም ቁጥሩ እየደበዘዘ ይሄዳል። አሁን ገልብጣችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ፎቶውንም ከአይኤስኦው ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉትና ፎልደሩን በማሽኑ ሞዴል ሰይሙት።