ፈሳሽ ላቴክስ በካርጎ ሲላክ፦ ችግርና መፍትሄ

ዕቃው ቦሌ ካርጎ ደርሶ «አደገኛ ዕቃ ነው» ተብሎ ተመለሰ

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፈሳሹ ሳይሆን የወረቀቱ ነው። ከመርካቶ የሚወጣ ኢንቮይስ «ፈሳሽ ጎማ» ወይም «የጎማ ማጣበቂያ» ካለ፣ ተረካቢው ማስቲሽ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ማስቲሽ በሶልቬንት (በአሟሚ ኬሚካል) የተሟሟ ስለሆነ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። ለዚህም ነው በተባበሩት መንግሥታት (ዩኤን) የአደገኛ ዕቃዎች ቁጥር ተቀጣጣይ ማጣበቂያ ዩኤን 1133፣ የጎማ ሶሉሽን ደግሞ ዩኤን 1287 ተብለው ምድብ 3 (ተቀጣጣይ ፈሳሾች) ውስጥ የገቡት። የተፈጥሮ ላቴክስ ግን በውሃ ውስጥ የተበተነ ጎማ ነው። የሚያስደነግጠው ሽታ የሚመጣው ላቴክሱ እንዳይረጋ ከሚጨመርበት አሞኒያ ሲሆን፣ የአሞኒያው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ የአሞኒያ ፈሳሽ ዩኤን 2672 የሚባለው ከ10 በመቶ ሲያልፍ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ከአምራቹ ኤምኤስዲኤስ (የኬሚካሉን የደህንነት መረጃ ሰነድ) ጠይቁ። ክፍል 9 ላይ ፍላሽ ፖይንቱን (ትነቱ እሳት ሊይዝ የሚጀምርበትን ሙቀት)፣ ክፍል 14 ላይ የማጓጓዣ ምድቡን እዩ። ዩኤን ቁጥር ከሌለው ኢንቮይሱ ላይ «በውሃ የተዘጋጀ የተፈጥሮ ጎማ ላቴክስ» ብላችሁ ጻፉ፤ ኤርዌይ ቢሉ (የአየር ጭነት ሰነዱ) ላይም «ኖት ሪስትሪክትድ» (ገደብ የሌለበት) ይስፈር። ሶልቬንት ካለበትና ፍላሽ ፖይንቱ ከ60 ዲግሪ ካልበለጠ ግን በእርግጥ አደገኛ ጭነት ነው። ያኔ የዩኤን ምልክት ያለው ማሸጊያና በሠለጠነ ሰው የተሞላ መግለጫ ያስፈልገዋል። ስሙን ቀይሮ ለማሳለፍ መሞከር በአውሮፕላኑ ላይ ባሉት ሰዎች ሕይወት መፍረድ ነው።

ጀሪካኑ አብጦ ደረሰ

አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ከጅቡቲ በሩብ ያህል ያንሳል። ወደብ ላይ ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ ዕቃ ሽቅብ ሲመጣ ይወጠራል፤ እዚህ ተሞልቶ ቁልቁል የወረደው ደግሞ ይጨማደዳል። እስከ አፉ አትሙሉት። ክዳኑ ጎሚኒ ይኑረው፤ ጀሪካኑን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ዙሪያውን ሰጋቱራ ሞልታችሁ ጠንካራ ካርቶን ውስጥ አስገቡት። ያበጠውን የምትከፍቱት ደጅ ላይ፣ ፊታችሁን አርቃችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ነው፤ አሞኒያው ዓይን ያቃጥላል።

ተቀባዩ ሲከፍተው እንደ አይብ ረግቷል

ወይ በውርጭ ቀዝቅዟል፣ ወይ አሞኒያው በላላ ክዳን ተኗል፣ ወይ ጀሪካኑ ንጹሕ አልነበረም። የረጋው ተመልሶ አይፈሳም፤ አሞኒያ ቢጨመርበትም አይድንም። ምናለሽ ተራ ርካሽ ጀሪካን ቢገኝም ለዚህ ሥራ አዲስ ግዙ፤ ቀድሞ የነበረበት አሲድ ቅሪቱ ብቻ ያረጋዋል። ብርድ ወዳለበት አገር ሲላክ ካርቶኑ ላይ «ከውርጭ ይጠበቅ» ይጻፍ።

ቀለሙ ጠቆረ

ብረት ወይም መዳብ ነክቶታል። መዳብና ነሐስ ጎማውን ያበላሹታልና መቅጃ ቧንቧው ሳይቀር ፕላስቲክ ይሁን።