ራስ የማያዞር ኢአር ዲያግራም አሣሣል፦ በዕድር መዝገብ ምሳሌ

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፒተር ቼን እ.ኤ.አ. በ1976 ባስተዋወቀው ኢአር ዲያግራም፣ ማለትም ዳታቤዝ የሚይዛቸውን ነገሮችና ግንኙነታቸውን በሚያሳይ ሥዕል፣ ሳጥን መሣልና በመስመር ማገናኘት ቀላል ነው። የሚያደክመው ገና ያልተወሰነውን ሁሉ በጭንቅላት ይዞ መዞሩ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር በ1956 ሰው ለአፍታ በአእምሮው የሚይዘውን ሰባት ነገር ገደማ ብሎ ነበር፤ የሙያ ባልደረባው ኔልሰን ካወን በ2001 ወደ አራት አወረደው። አሥራ ሁለት ሳጥን ፊቱ ዘርግቶ ስለ ኢንቲቲ (በሳጥን የሚሣለው፣ መረጃ የሚያዝለት ነገር)፣ ስለ አትሪቢዩት (ስለዚያ ነገር የሚመዘገበው ዝርዝር) እና ስለ ካርዲናሊቲ (አንዱ ከስንት ሌላ ጋር እንደሚገናኝ) ባንዴ የሚያስብ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። ሥራው በዙር ይከፈል። የአንድን ሰፈር ዕድር መዝገብ ወደ ዳታቤዝ እንውሰድ።

በመጀመሪያው ዙር ሥዕል የለም። የዕድሩ ጸሐፊ የሚናገረውን ባጭር ባጭሩ ጻፉ፦ «አባል በየወሩ መዋጮ ይከፍላል»፣ «ቤተሰብ ሲሞትበት ገንዘብ ይሰጠዋል»፣ «ለለቅሶ ድንኳንና ወንበር ይወስዳል»። ስሞቹን አስምሩባቸው፤ ከዚያ እያንዳንዱ አንድ ትርጉም ብቻ እንዳለው ፈትሹ። ትልቁ ጣጣ እዚህ ነው። «ክፍያ» የሚል ሳጥን ካለ፣ አባሉ ለዕድሩ የሚከፍለው ነው ወይስ ዕድሩ ለአባሉ? አንባቢ እዚያ በደረሰ ቁጥር ይህንኑ መልሶ ይጠይቃል። «መዋጮ» እና «የለቅሶ ድጋፍ» ብላችሁ ለዩት።

«ዕቃ»ም ያው ነው። 120 አንድ ዓይነት ወንበር ቢኖር እያንዳንዱን ለይቶ የሚመዘግብ የለም፤ ብዛቱ የተጻፈበት አንድ ረድፍ ይበቃል። ድንኳን ግን «ሁለተኛው ተቀዷል» ይባላልና እያንዳንዱ መለያ ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ ካጨቃችኋቸው «ብዛት» ለድንኳን ሁልጊዜ 1 ይሆናል፤ «መለያ ቁጥር» ደግሞ ለወንበር ባዶውን ይቀራል። እንዲህ ያለ ባዶ አምድ ሲያጋጥም፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር በአንድ ስም ተጠርቷል።

ሁለተኛው ዙር ግንኙነት ነው። ሁለት ሳጥን ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን በወረቀት ሸፍኑ፤ ከሁለቱም ወገን ጠይቁ። አንድ አባል ስንት ድንኳን ይወስዳል? ብዙ። አንድ ድንኳን ከጊዜ ወደ ጊዜ ለስንት አባል ይሰጣል? ለብዙ። ብዙ ለብዙ ስለሆነ መሃላቸው «ውሰት» የሚል ሳጥን ይገባል፤ የወጣበትና የተመለሰበት ቀን ማረፊያቸው እሱ ነው። «ከጊዜ ወደ ጊዜ» የምትለዋን ከዘለላችሁ ድንኳኑ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ ይሣላል፤ ያለፈው ውሰት ሁሉ መመዝገቢያ ያጣል። አትሪቢዩትና ፎሬይን ኪይ (አንዱን ሠንጠረዥ ከሌላው ጋር የሚያያይዘው አምድ) ለሦስተኛው ዙር ይቆዩ።

አሁን ደግሞ አንባቢው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው የጆን ስዌለር ንድፈ ሐሳብ ከጉዳዩ የሚመጣውን የአእምሮ ጫና ካቀራረብ ከሚመጣው ይለያል። የዕድሩ ደንብ ውስብስብ ከሆነ ውስብስብ ነው፤ አቀራረቡ ግን በእጃችን ነው። መጀመሪያ የተጠላለፉ መስመሮችን ፍቱ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዋ ሄለን ፐርቼዝ በ1997 ካወዳደረቻቸው የአሣሣል ጉዳዮች ግንዛቤን አብልጦ የጎዳው መስመር በመስመር ላይ ማለፉ ነበር። ማብራሪያን ግርጌ ላይ አስቀምጣችሁ «ቁ. 3ን ይመልከቱ» አትበሉ፤ ዓይን ሲመላለስ አእምሮ የያዘውን ይጥላል። እዚያው መስመሩ አጠገብ ጻፉት። ሥዕሉን በየገጹ መክፈል ይረዳል፣ ግን አንባቢው ገጾቹን በጭንቅላቱ መልሶ መስፋት አለበት፤ ስለዚህ «አባል» በሁሉም ገጽ በዚያው ስም፣ በዚያው ማዕዘን ይቀመጥ። ለዕድሩ ኮሚቴ ስታሳዩ ፎሬይን ኪዩን አውጡት። ለፕሮግራመር ደግሞ ኮሚቴውን የረዳው ማብራሪያ ራሱ ሸክም ነው።

በመጨረሻ ያልሣለው ሰው ይሞክረው። «ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላል። ከሥዕሉ አስልቶ የሚመልሰው ስጡት፦ ባልና ሚስት ለየብቻ አባል ቢሆኑና ልጃቸው ቢሞት ድጋፉ ስንት ጊዜ ይወጣል? ልጁ በቀጥታ ከ«አባል» ጋር ከታሰረ በአባቱም በእናቱም ስም ይመዘገባል፤ ሁለት ጊዜም ሊከፈል ይችላል። ደንቡ አንድ ጊዜ የሚል ከሆነ «ቤተሰብ» የሚል ሳጥን ጨምሩ፣ ልጁንም ወላጆቹንም እዚያ እሰሩ፣ «የለቅሶ ድጋፍ»ንም «ሞት» ከሚል ሳጥን ጋር አንድ ለአንድ አገናኙ።