ቢግፉት ፌስቲቫል ላይ ቡዝ (የመሸጫ ድንኳን) ልትከፍቱ ነው? እንግዲያው ይቺን አንብቡ

መቼም ርዕሱን ስታዩ "ይሄን ልጅ አሜሪካ አዞረችው እንዴ" ሳትሉ አትቀሩም። እኔም ኤርፖርት ሌሊት አብሮኝ የሚሰራ ፈረንጅ ሲነግረኝ ያልኩት እሱኑ ነው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ስልኩን አውጥቶ ድንኳን በድንኳን የሆነ ሜዳ፣ ህዝብ እንደ ጥምቀት የፈሰሰበት፣ መሀሉ ላይ ጎሪላ የሚመስል ልብስ የለበሰ ሰውዬ ከህጻናት ጋር ፎቶ ሲነሳ አሳየኝና "እዚህ ሄደህ የሆነ ነገር ሽጥ" አለኝ። ሳቅኩበት። አሁን ሁለት ሰመር ሰርቼበት ነው የምጽፈው፣ ዋሽንግተን ስቴት ላላችሁ አዲስ ገቢዎች ይበልጥ ይጠቅማል፣ ሌላ ስቴት ያላችሁም ህጉን የየስቴታችሁን እያያችሁ ተጠቀሙበት።

ቢግፉት ምን እንደሆነ ባጭሩ፣ ምክንያቱም የሚሸጡትን አለማወቅ ያሳፍራል። "ትልቅ እግር" ማለት ነው፣ ከሰው የሚረዝም፣ ፀጉራም፣ በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ ጫካ ውስጥ አለ የሚባል ፍጡር። ሳስኳችም ይሉታል፣ ይሄኛው ስም ከካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነባር ህዝቦች ቋንቋ የመጣ ነው። ቢግፉት የሚለው ስም የገነነው 1958 ላይ ሰሜን ካሊፎርኒያ መንገድ የሚሰሩ ሰራተኞች ግዙፍ የእግር ዱካ አየን ብለው ጋዜጣ ከጻፈው በኋላ ነው። 1967 ኦክቶበር ላይ ደሞ ሮጀር ፓተርሰንና ቦብ ጊምሊን የሚባሉ በፈረስ የሄዱ ሰዎች ብላፍ ክሪክ የሚባል ቦታ ላይ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ፊልም ይዘው መጡ፣ ፀጉራሙ ነገር እየሄደ ዞር ብሎ ካሜራውን ሲያይ። ቲሸርት ላይ፣ ስቲከር ላይ፣ መኪና መስታወት ላይ የምታዩት እጁን እያወዛወዘ የሚራመደው ምስል ከዛ የመጣ ነው። እኛው ስቴት ውስጥ ያለው ስካሜኒያ ካውንቲ 1969 ላይ ሳስኳች የገደለ እስከ 10,000 ዶላርና 5 ዓመት እስር ይቀጣል ብሎ ደንግጓል፣ ቀልድ አይደለም፣ 1984 ላይ ነው ቅጣቱን ያቀለሉት። እንግዲህ ካውንቲ ቁጭ ብሎ ህግ ያወጣለት ነገር ቢያንስ ቁልፍ መያዣ ያሸጣል ብዬ ገባሁበት።

ለምን ይሄን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። እኛ ሀበሾች ስንባል እርስ በርሳችን ነው የምንሻሻጠው፣ አንዱ መንገድ ላይ አራተኛ የበርበሬና የእንጀራ ሱቅ ከፍተን አራታችንም አንድ ደንበኛ እንጠብቃለን። ሱቅ ደሞ የስንት ወር ኪራይ ዲፖዚት፣ ኮንትራት፣ ጣጣ። ቡዝ ግን እኔ የመጀመሪያውን ለሁለት ቀን 140 ዶላር ነው የከፈልኩት፣ ከሰርኩ ብል 140ና የቤንዚን ነው። ሰውም የመጣው ገንዘብ ሊያወጣ ነው፣ ልጁን ይዞ፣ ፀሀይ ወጥታለት፣ የሆነ ቅርስ ይዞ ሊመለስ።

ግን ከሁሉም በፊት ወረቀታችሁን እዩ። የራስ ቢዝነስም ስራ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ችግር የለበትም፣ አሳይለም ጠይቆ የስራ ፈቃዱ የደረሰውም ይችላል፣ በቱሪስት ቪዛ ያለ ግን አይችልም፣ በተማሪ ቪዛ ያለውም እንደዛው በፍላጎቱ ሄዶ ቡዝ መክፈት አይችልም፣ "ጓደኛዬን ላግዝ ብዬ ነው" የሚባለው ነገር ኢሚግሬሽን ፊት አያድንም። የምግብ እርዳታ ወይም የመንግስት ጤና መድን ላይ ያላችሁ ደሞ ትንሽም ብትሆን ገቢዋን አሳውቁ፣ በኋላ መልሱ ሲባል ነው የሚያመው።

ዋሽንግተን ላይ የሽያጭ ታክስ ሰብስባችሁ ለስቴቱ የምታስገቡት እናንተ ናችሁ፣ የስቴቱ 6.5% ነው፣ የየከተማው ይጨመርበታል፣ የሚቆጠረውም ድንኳኑ በተተከለበት ቦታ እንጂ በናንተ ቤት አድራሻ አይደለም። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት በቤቴ ሂሳብ አስልቼ ከራሴ ኪስ ብዙ አስገብቻለሁ፣ ማንም አልነገረኝም፣ እናንተ ግን ተነግሯችኋል። በዓመት ከሁለት ኢቨንት በላይ የማትሸጡ ከሆነ ጊዜያዊ ምዝገባ የሚባል ቀለል ያለ መንገድ አለ፣ ከዛ በላይ ከሆነ መደበኛውን የቢዝነስ ላይሰንስ አውጡ። ወደ ኦሪገን ከወረዳችሁ የሽያጭ ታክስ የሚባል ነገር የለም፣ እፎይ ነው፣ ካሊፎርኒያ ግን ለአጭር ጊዜ ሻጭ የሚሰጥ ጊዜያዊ ፈቃድ አለ፣ በነጻ ነው። አዘጋጆቹ ብዙ ጊዜ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ አምጡ ይላሉ፣ ቁጥሩን አይታችሁ አትደንግጡ፣ ሽፋኑ ነው እንጂ ክፍያው አይደለም፣ ለአንድ ዊኬንድ ብቻ የሚሸጡ አሉ።

አሁን ሁሉም ሀበሻ የሚያስበው ሀሳብ ላይ ልምጣ፣ ሳምቡሳና ቡና። የመጀመሪያ ዓመት አትንኩት። ሳምቡሳ ቤት ጠብሶ ወስዶ መሸጥ አይቻልም፣ ፈቃድ ያለው ኪችን ይፈልጋል፣ የካውንቲው ጤና መስሪያ ቤት ጊዜያዊ ፐርሚት አለ፣ የምግብ ሰራተኛ ካርድ አለ (እሱ ቀላል ነው፣ ኦንላይን 10 ዶላር)፣ እጅ መታጠቢያ ቧንቧ ያለው የውሃ ጀሪካን፣ ከስሩ ባልዲ፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ ትኩሱ ከ135 ፋራናይት እንዳይወርድ ቀዝቃዛው ከ41 እንዳይወጣ ቴርሞሜትር ይዞ መቆም። ቡናውማ የባሰ ነው ምክንያቱም ከሰል አቀጣጥላችሁ ድንኳን ስር ጀበና ልትጥዱ ስትሉ የእሳት አደጋ ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ የሚያየው እናንተን ነው፣ እጣኑንማ ተዉት። የቡና ቆሌ ያላችሁ ለራሳችሁ በቴርሞስ ይዛችሁ ሂዱ።

እኔ የሸጥኩት ምን መሰላችሁ፣ ጋቢ የለበሰ ቢግፉት። አክስቴ እትዬ ሙሉ ኪሮሽ ትሰራለች፣ ቤት ተቀምጣ "ምን ልርዳህ" እያለች ስታስጨንቀኝ ከቡናማ ክር የጣት ቁመት ያላት ፀጉራም ነገር ስሪልኝ አልኳት፣ ፎቶውን አይታ አማተበች፣ ከዛ በሶስተኛው ቀን "ራቁቱን ነው እንዴ የሚሄደው፣ ብርድ አይደል?" ብላ ከአሮጌ ጋቢ ጥለቱን ቀዳ አለበሰችው። በቃ። ሰው ከሩቅ እያየ ይመጣና "ምንድነው የለበሰው?" ይላል፣ እኔ ጋቢ እንደሚባል፣ ደጋ ላይ ማታ እንደሚለበስ እነግረዋለሁ፣ ይስቃል፣ 12 ዶላር ይከፍላል። የቻይና ቁልፍ መያዣ ከኦንላይን አምጥቼ የደረደርኩት ግን እንደተደረደረ ቀረ፣ ከጎኔ ያሉት አራት ቡዞች ያንኑ ነበር የያዙት። አንድ ማሳሰቢያ፣ ለልጅ መጫወቻ ብላችሁ አትሽጡ፣ 12 ዓመትና ከዛ በታች ለሆኑ ልጆች የሚሸጥ እቃ ምርመራና ሰርተፊኬት የሚጠይቅ የፌደራል ህግ አለው፣ እኛ የአዋቂ ጌጥ ብለን ነው ሰርተን የምንሸጠው፣ ለልጅ የሚስብ አድርጋችሁ ከሰራችሁት ግን "የአዋቂ ጌጥ" የሚለው ጽሁፍ ብቻ አያድናችሁም። የሌላ ሰውን ስዕል ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ቲሸርት ላይ ማተምም የለም፣ ባለቤቱ ሁለት ድንኳን አልፎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ የምሬን ነው።

ድንኳኑ አስር ጫማ በአስር ጫማ የሆነው ተጣጣፊው ነው፣ ፕሪየስ ውስጥ የኋላ ወንበር ታጥፎ ሰያፍ ይገባል፣ ኡበር የምትሰሩ አትስጉ። ዋናው ክብደቱ ነው። በየእግሩ ወደ 40 ፓውንድ አስሩበት፣ አምስት ጋሎን ባልዲ ውሃ ሞልታችሁ ብታንጠለጥሉ ያው እሱ ነው የሚመዝነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ነፋስ የለም ብዬ ዝም አልኩ፣ ስድስት ሰዓት ላይ የሆነች ሽውታ መጣችና ድንኳኔ ሁለት እግሩን አንስቶ እንደ ፈረስ ቆመ፣ የጎረቤቴ የማር ብልቃጦች ላይ ሊወድቅ ሲል ሴትየዋ በአንድ እጇ ያዘችው፣ በሌላው እጇ ለደንበኛ መልስ እየሰጠች። ሶስት ብልቃጥ ማር ገዛኋት፣ ከሀፍረት።

ሌላው ኔትወርክ ነው። ጫካ ውስጥ ያለ ከተማ ስልክ የሚጠፋበት ቦታ አለ፣ የካርድ ማንበቢያው ያለ ኢንተርኔት ይቀበላል ግን በኋላ ካርዱ ገንዘብ የለውም ካለ ኪሳራው የናንተ ነው። ስለዚ ካሽ፣ በተለይ አንድ ዶላርና አምስት ዶላር ዝርዝር ባንክ ሄዳችሁ ቀድማችሁ አምጡ። ዋጋችሁን ታክስ ጨምሮ ክብ ቁጥር አድርጉትና "ታክስ ያካትታል" ብላችሁ ለጥፉ፣ ሳንቲም ፍለጋ ሰልፍ አታስረዝሙም።

አሁን ዋናው ነገር፣ አትሳቁባቸው። ግማሹ ለጨዋታ የመጣ ነው፣ ቤተሰብ ይዞ፣ ግማሹ ግን ያምናል፣ አንዳንዱ ደሞ አይቻለሁ የሚል ነው። እነዚህ ሰዎች ቀስ ብለው ነው የሚመጡት፣ እቃውን እየነካኩ ይቆዩና ሰው ሲቀንስ "አንተ ታምናለህ?" ይሏችኋል። አንድ ነጭ ጺም ያለው ሽማግሌ፣ እጁ እንደ ገበሬ እጅ የሻከረ፣ ከእንጨት ስራ ሲመለስ ማታ መንገድ የተሻገረውን ነገር ሲነግረኝ ድምጹ ዝቅ አለ፣ ለሚስቱ ራሱ ስንት ዓመት ደብቆ እንደኖረ ነገረኝ። እኔ ደሞ አያቴ ጅብ የሆነ ሰው ሌሊት በራፋችን ቆሞ አየሁ ብላ የምትምል ሴት ነበረች፣ እንዴት ብዬ ነው የምስቅበት? "እኔ አላየሁም፣ የአያቴን ግን ልንገርህ" አልኩትና ስለ ቡዳ ነገርኩት፣ ቁጭ ብሎ ሰማኝ፣ ሁለት ገዝቶ ሄደ፣ በነጋታው ሚስቱን ይዞ መጣ። የ1958ቱን ዱካ በእንጨት እግር የሰራው ሬይ ዋላስ የሚባል ኮንትራክተር ነው ብለው 2002 ላይ ከሞተ በኋላ ቤተሰቦቹ መናገራቸውን እወቁት፣ ግን ከአፋችሁ አይውጣ፣ ሁሉም ከናንተ በፊት ሰምቶታል፣ መልስም አለው፣ መልሱ ደሞ አርባ ደቂቃ ይፈጃል።

"ኢትዮጵያ ውስጥስ አለ?" የሚለው ጥያቄ አይቀርም። አትዋሹ። አንድ አብሮኝ የመጣ ልጅ ሽያጭ ላሳምር ብሎ የሌለ አውሬ ፈጥሮ ሲያወራ ሰውዬው ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቁመቱን እየጠየቀ መጻፍ ጀመረ፣ ልጁ ላብ አጠመቀው። እኔ የጭላዳ ፎቶ አሳትሜ ሰቅያለሁ፣ እንደ አንበሳ ጎፈር ያለው፣ ደረቱ ላይ ቀይ፣ ሳር የሚግጥ፣ ከኛ ደጋ በቀር በዓለም የትም የሌለ። እውነተኛ ፀጉራም ፍጡር አለን እኮ፣ ምን ያስዋሻል።

ያው ገጠር ከተማ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሌላ ጥቁር ሰው ላታዩ ትችላላችሁ፣ የሚያፈጥ አለ፣ ብዙው ግን ወሬ ፈላጊ ነው። ኦገስት ላይ ከሆነ ፍልሰታ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፣ የሚሸጠው ሁሉ በርገርና ቅቤ ስለሆነ ጾመኞች ሽሯችሁን ቋጥራችሁ ሂዱ። ሁለተኛው ቀን እሁድ ነው፣ ቅዳሴ ያመልጣችኋል፣ ከእትዬ ሙሉ ጋር በዚህ ጉዳይ ዘንድሮም አልተስማማንም። እቃው አለቀ ብላችሁ ከመዝጊያው ሰዓት በፊት ድንኳን አትንቀሉ፣ አዘጋጆቹ ይቆጥሩባችኋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ቦታ አታገኙም።

ማታ ገንዘብ ስትቆጥሩ እጃችሁ የገባው ሁሉ ትርፍ አይደለም፣ ታክሱን ለብቻው ፖስታ አድርጉ፣ ቡዙን፣ ቤንዚኑን፣ ክሩን፣ የእትዬን ድካም ቀንሱ። የተጣራው በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ የራስ ስራ ታክስ 15.3% አለበት፣ ደረሰኞቻችሁን ያዙ። የኔ የመጀመሪያ ዓመት ተጣርቶ 310 ነበር፣ ሁለተኛው ዓመት ይሻላል።

ስንጠቀልል አጠገቤ በጂፕሰም የተሰራ የእግር ዱካ የሚሸጠው ሰውዬ ያልተሸጠ አንድ ትልቅ እግር ይዞ መጣና በጋቢ ለባሹ እንቀያየር አለኝ። ተቀያየርን። አሁን ሳሎን ውስጥ በር ያስይዛል፣ እናቴ በቪዲዮ ስታየው "ልጄ፣ ይሄ የማን እግር ነው?" አለችኝ፣ እኔ ሳልመልስ እትዬ ሙሉ ከኪችን "የጎረቤት ነው፣ ዝም በይ" አለቻት።